ኋላዋ የተቀመጠ መኪና፦ ስታሠሩ እንዳትሳሳቱ

ጠዋት ባሕር ዳር አባይ ማዶ ቆማችሁ ወደ ሐሙሲት የሚወጡትን መኪኖች ተመልከቱ። ከአሮጌዎቹ ብዙዎቹ አፍንጫቸውን ወደ ላይ አንጋጠው፣ ኋላቸው መሬት ሊነካ ደርሶ ነው የሚሄዱት። የእኔም ኮሮላ እንደዚያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራች ናት። እሷን ለማስተካከል ሦስት ጊዜ ከፍያለሁ፤ ሁለቱ ባክኖ ቀርቷል። ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው የምጽፈው።

ሾክ አብዞርበሩን ጥፋተኛ ማድረግ

እኔ የጀመርኩት ከዚህ ነው። ጋራዥ ስወስዳት "ሾኩ ሞቷል" አሉኝ። እውነትም ዘይት ያንጠባጥብ ነበር። ሁለቱንም አዲስ ገዝቼ አስገጠምኩ። መንገጫገጯ ቀነሰ። ከፍታዋ ግን አንድ ጣት እንኳ አልጨመረም።

በኋላ አንድ አዛውንት መካኒክ ጎንበስ ብለው አዩና "ልጄ፣ ሾክ መኪና አይሸከምም" አሉኝ። ነገሩ ይኸው ነው። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው፣ ማለትም የተጠመዘዘው ብረት ነው፤ በሃይሉክስና በሃይኤስ ሚኒባስ ደግሞ ባሌስትራው፣ ተደራርቦ የታሰረው ጠፍጣፋ ብረት። የሾኩ ሥራ ሞላው ከተጫነ በኋላ ደጋግሞ እንዳይዘል መያዝ ነው።

ለመለየት ኋላዋን በሁለት እጃችሁ በደንብ ተጭናችሁ ልቀቁ። ደጋግማ ከዘለለች ሾኩ ደክሟል። ቶሎ ከረጋች ግን ዝቅ ብላ ከቆመች ሞላውን ጠርጥሩ። ሁለቱም አብረው ሊደክሙ ይችላሉ። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህ ነው፦ በእኔ ኮሮላ ከኋላም ሾኩና ሞላው አንድ ላይ የተሰኩ ናቸው። ሾኩ ሲቀየር ሞላው ተፈትቶ መሬት ላይ ነበር። የደከመውን ሞላ መልሰን ገጠምነው። መኪናችሁ እንደዚህ ከሆነች ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ፤ የእጅ ዋጋ ሁለቴ አትክፈሉ።

ሳይለኩ መጀመር

"ወርዳለች" ማለት ብቻውን አይበቃም። ስንት ወረደች? በየትኛው በኩል? ሜትር ያዙና ደልዳላ አስፋልት ላይ አቁሟት። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ቦታ አይቸግራችሁም። ኮብልስቶን ላይ ግን አትለኩ፣ ያሳስታል። የኋላውን ዕቃ መጫኛ ባዶ አድርጉ፤ የጎማውን ንፋስ አስተካክሉ። ከዚያ ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) ጠርዝ ለኩ። ከመሬት ከለካችሁ የጎማው ንፋስና መበላት ልኩን ያዛባዋል። አራቱንም ጎማዎች ለኩና ጻፉት።

ሁለቱ ኋላዎች እኩል ከወረዱ ሞላዎቹ ደክመዋል። አንዱ ብቻ ከወረደ ስብራት ፈልጉ። የእኔ የግራው ከቀኙ በ2 ሳንቲ ሜትር ያንስ ነበር። ስናየው የታችኛው ዙር ጫፉ ተሰብሯል። ክረምት ላይ ወደ ዘጌ ስመላለስ የሚገባው ጭቃ የሞላው መቀመጫ ላይ ይጠራቀማል። እዚያው ዝገት ይጀምርና ብረቱ ይሰበራል። መቀመጫውን ሳታጥቡ ዓይታችሁ ብቻ "ደህና ነው" አትበሉ።

ባሌስትራ ያለው መኪና ከሆነ፣ ባሌስትራው ከሻንሲው (ከመኪናው ዋና አጽም) ጋር የሚያያዝበትን ቦታም በመዶሻ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ። እዚያ ያለው ብረት በዝገት ከተበላ አዲስ ባሌስትራ መግጠም ትርጉም የለውም።

ጎማ ወሽቆ ወይም በእሳት አሙቆ ማንሳት

ሁለተኛው ገንዘቤ የሄደው እዚህ ላይ ነው። ርካሽ መስሎኝ በሞላው ዙሮች መካከል ወፍራም የጎማ ቁራጭ አስወሸቅሁ። መኪናዋ ወዲያው ቀና አለች። ደስ አለኝ። ግን ጎማው የገባባቸው ዙሮች መሥራት ያቆማሉ፤ ሸክሙ በሙሉ በቀሩት ላይ ይወድቃል። ደረቀችብኝ፤ ፍጥነት መቀነሻ ላይ ወገቤን ትመታኝ ጀመር። የደከመ ሞላ እንዲህ ሲጨነቅ ደግሞ ቶሎ ይሰበራል።

ከዚህ የሚብሰው በብየዳ እሳት አሙቆ መሳብ ነው። የሞላ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በልኩ ሞቆ በልኩ ሲቀዘቅዝ ነው። በእሳት ስትነኩት ያ ጥንካሬ ይጠፋል። ወይ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ወይ መንገድ ላይ ይሰበራል። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አንዱን ብቻ መቀየር፣ የማይመጥነውን መግዛት

ሞላ በጥንድ ነው የሚቀየረው። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ መኪናዋ ታጋድላለች። ሲገዙም "የኮሮላ ስጡኝ" ማለት አይበቃም፤ አንድ ስም ያላቸው መኪኖች ሞላቸው ይለያያል። የሻንሲ ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ስትልኩም የአሮጌውን ሞላ ፎቶ፣ የዙሩን ብዛትና የብረቱን ውፍረት ላኩለት። ከተፈታታ መኪና የወጣ ሞላ ቢረክስም ያው እንደ እናንተው የደከመ ሊሆን ይችላል።

ባሌስትራ ጨምሮ ፍሬኑን መርሳት

ፒክአፕና ሚኒባስ ያላችሁ ይህን በደንብ አንብቡት። ብዙዎቹ ላይ ከሻንሲው ወደ ኋላ አክስል የሚወርድ ቀጭን ዘንግ አለ። ከፍሬን ዘይት መቆጣጠሪያ ጋር የተያያዘ ነው። መኪናው ዝቅ ሲል "ተጭኗል" ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ጉልበት ይሰጣል። ከፍ ሲል "ባዶ ነው" ብሎ ይቀንሳል። ላዳ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ።

እንግዲህ ባሌስትራ ላይ አንድ ብረት ጨምራችሁ መኪናውን ብታነሱትና ዘንጉን ባታስተካክሉ፣ ጭነት እያለው እንኳ "ባዶ ነው" ይላል። የኋላ ፍሬን ይደክማል። በተቃራኒው የተቀመጠ መኪና ባዶውን ሲሄድ የኋላ ጎማው ቶሎ ይቆለፋል። ዝናብ በጣለበት አስፋልት ላይ ያ ማለት ኋላው ዞሮ ፊት መምጣት ነው። ከሥራው በኋላ "ዘንጉን አስተካክላችኋል?" ብላችሁ ጠይቁ። የሰው ነፍስ ጉዳይ ነው።

ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ማጥበቅ

ጎሚኒ (የላስቲክ መጋጠሚያ) ያለባቸው ቡሎኖች መጨረሻ ላይ የሚጠብቁት መኪናዋ በአራት ጎማዋ መሬት ላይ ስትቆም ነው። ተንጠልጥላ ከጠበቁ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይኖራል፤ ቶሎም ይቀደዳል።

በክሪክ ብቻ ሥር መግባት

አትግቡ። ጠንካራ መደገፊያ ብረት አድርጉ፤ የፊት ጎማውንም በድንጋይ አግዱ። ሞላና ሾክ አንድ ላይ የተሰኩባትን ደግሞ ያለ ሞላ መጨመቂያ ቤት ውስጥ ለመፍታት አትሞክሩ። የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል።

መብራቱን እንደነበረ መተው

ኋላዋ ስትቀመጥ የፊት መብራቷ ሽቅብ ያያል። አንዳንዱ ሰው በዚያ ጊዜ መብራቱን ዝቅ አስደርጎ ነበር። ኋላዋ ሲነሳ መብራቱ እግሯ ሥር ይቀራል። ማታ ግድግዳ ፊት አቁማችሁ አስተካክሉት።

የጭነቱን ነገር አለማሰብ

አምስት ሰው በአማካይ 70 ኪሎ ቢሆን 350 ኪሎ ነው። የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አንድ ኩንታል ጤፍ ሲጨመር 450 ይሆናል፤ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ሞላው ነው። እኔ ከመራዊ ስመለስ አንዳንዴ ሁለት ኩንታል እጭን ነበር። አዲሶቹ ሞላዎች ከገቡ በኋላ ግራና ቀኟ እኩል ሆነ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግሜ ለካሁ፤ ትንሽ ረግታለች እንጂ አልወረደችም። ጤፉን አሁን በአይሱዙ ነው የማስመጣው።