አማርኛና ኦሮምኛ የተቀላቀለበትን ሰነድ ስንለይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አዳማ ውስጥ የጽሕፈት ሥራ ለሚሠራ ሰው ሁለት ቋንቋ የያዘ ሰነድ የዕለት እንጀራ ነው። የቤት ኪራይ ውሉም፣ ቃለ ጉባኤውም፣ ማስታወቂያውም አፋን ኦሮሞና አማርኛ አንድ ላይ ይዞ ይመጣል። ከዚያ ባለጉዳዩ «አማርኛውን ለብቻ አውጣልኝ» ይላል። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ የሰው ውል ነውና ያሳስበኛል።

አንደኛው ስህተት በዓይን እየለዩ መቁረጥ ነው። ሁለት ገጽ ከሆነ ይሁን። ሠላሳ ገጽ ሲሆን ግን አንድ መስመር ማምለጡ አይቀርም። ወርድ ራሱ ይፈልግልን። ኮንትሮል ኤች ተጫኑ፣ «ሞር» የሚለውን ክፈቱና «ዩዝ ዋይልድካርድስ» ላይ ምልክት አድርጉ። መፈለጊያው ላይ [ሀ-፼] ብላችሁ ጻፉ። ከሀ እስከ አሥር ሺህ ቁጥር ያለውን የግዕዝ ፊደል ሁሉ ያገኛል፤ አራት ነጥቡም እዚያው ውስጥ ነው። ያገኘውን ወዲያው አታጥፉት። መተኪያውን ሳጥን ባዶ ትታችሁ «ፎርማት» ውስጥ ቀይ ቀለም ምረጡለትና «ሪፕሌስ ኦል» ተጫኑ። ቀዩን አንዴ በዓይን ከቃኛችሁ በኋላ ለመለየት ትደርሳላችሁ። ይህን ሁሉ በዋናው ፋይል ላይ ሳይሆን በኮፒው ላይ ሥሩ።

ከሁሉ የከፋው ግን የድሮ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ፊደልን የሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት ነው) የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የላቲን ፊደልን የግዕዝ መልክ አልብሰው ነበር የሚያሳዩት። ለእኛ ዓይን «ሀ» ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የላቲን ምልክት። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ላይ ከላይ ያልኳችሁ ፍለጋ አንድም ፊደል አያገኝም። አንድ አባት ሌላ ቦታ የተጻፈ ውል በፍላሽ ይዘውልኝ መጡ። ስከፍተው የግራው ኦሮምኛ ደህና ነው፣ የቀኙ አማርኛ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኗል። «ልጄ፣ አጠፋኸው እንዴ?» አሉኝ ደንግጠው። «አልጠፋም አባባ፣ ፎንቱ እዚህ ስለሌለ ነው» አልኳቸው። ፎንቱን ስጭነው ፊደሉ ተመለሰ፤ የእሳቸውም ፊት እንደዚያው።

መሞከሪያው ቀላል ነው። አንድ መስመር ምረጡና ፎንቱን ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት ቀይሩ። አማርኛነቱን ከጠበቀ ዩኒኮድ ነው። ከተበላሸ ግን መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይገልበጥ፣ መለየቱ ከዚያ በኋላ።

ሌላው ስህተት ሁለቱን ቋንቋዎች በስፔስና በታብ ጎን ለጎን ማሰለፍ ነው። ነጋሪት ጋዜጣን ያየ ሰው አማርኛና እንግሊዝኛው በሁለት ዓምድ ሲሄድ ያውቃል። እኛም ያንን መልክ ስንፈልግ ሠንጠረዥ እንሥራ፤ ለእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ረድፍ። አማርኛው ለብቻው ሲፈለግ ዓምዱን መርጦ ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው። በስፔስ የተሰለፈው ግን አንድ ቃል ሲጨመርበት መስመሩ ሁሉ ይናጋል።

ኦሮምኛውን እንግሊዝኛ ነው ብሎ መተውም ጣጣ አለው። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ ወርድ እንግሊዝኛ እየመሰለው ቀይ ያሰምርበታል፣ አንዳንዴም ሳንጠይቀው ያርማል። በቁቤ ደግሞ አናባቢ ሲደገም ትርጉም ይለወጣል፤ «መሬት» የነበረው ቃል «ለስላሳ» ሊሆን ይችላል። የመሬት ውል ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ጽሑፉን ምረጡ፣ «ሪቪው» ውስጥ «ላንጉዌጅ» ግቡና የፊደል እርማቱን አጥፉለት።

ግዕዝ ያልሆነውን ሁሉ ኦሮምኛ ነው ብላችሁ እንዳታጠፉ ደግሞ አደራ። የኪራዩ ብር፣ የቤት ቁጥሩ፣ ቀኑ የሚጻፉት ግዕዝ ባልሆነ አኃዝ ነው፣ የሁለቱም ቋንቋ ንብረት ናቸው። የአማርኛው ቅጂ ላይ ብሩ ጎድሎ ከወጣ ተፈራራሚዎቹ ምን ላይ ተስማሙ ሊባል ነው?

ራስጌና ግርጌውም ይረሳል። ኮንትሮል ኤ ብትጫኑ እዚያ ያለው ጽሑፍ አይመረጥም። ገጹ አናት ላይ ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ ግቡና ለብቻው ለዩት፤ አለበለዚያ የአማርኛው ቅጂ በኦሮምኛ ርዕስ ታትሞ ይወጣል።