«ቤቴን ለልጄ» ብላችሁ እንዳትተዉት

ሰሞኑን ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን የጎረቤቴን የአባባን የኑዛዜ ረቂቅ አነበብኩላቸው። «አራዳ ያለውን ቤቴን ለልጄ ሰጥቻለሁ» ይላል። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው። ቤቱም ሁለት ነው፤ አንዱ መኖሪያ፣ አንዱ የሚከራይ። «የትኛው ልጅ?» ስላቸው፣ «እነሱ ያውቁታል» አሉኝ። ያውቁት ይሆናል፤ ችሎት ሲቆሙ ግን ሁሉም የሚያውቀው ለየራሱ ነው።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 910 መሠረት፣ ቃሉ አጠራጣሪ ሲሆን ዳኛው የሚፈልገው የተናዛዡን ሐሳብ ነው፤ ከራሱ ከኑዛዜውና ከሌሎች ሁኔታዎች። ቃሉ ግልጽ ከሆነ ግን «ለማለት የፈለጉት ሌላ ነው» ብሎ መተርጎም አይቻልም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይሄኛውን ነው። በግልጽ የተጻፈ ስህተት ከድፍኑ ቃል ሊብስ ይችላል።

ስለዚህ የልጁን ስም እስከ አያት፣ የካርታ ቁጥሩን፣ ወረዳውንና የቤት ቁጥሩን አስገቡ። «ወርቄን» ከማለት «ባለ መስቀሉን የአንገት ሐብሌን» ማለት ይሻላል። በእጃችሁ የምትጽፉት ከሆነ ደግሞ ሙሉው የእናንተ የእጅ ጽሕፈት ይሁን። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገር፤ ቀንና ፊርማም አይረሳ።

አባባ «ለልጄ» የሚለውን ሊሰርዙ እስክሪብቶ ሲያነሱ እጃቸውን ያዝኩ። ስርዝ ድልዝ ሌላ ጭቅጭቅ ነው። በአዲስ ወረቀት ጀመሩ።