«ፕሮሰስ ላይ ነኝ» የሚሉ ወጣቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለ ጀበና ቡና ትንሽ ብትቀመጡ «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» የሚል ወጣት አታጡም። የምን ፕሮሰስ እንደሆነ ስትጠይቁት ግን ነገሩን ያድበሰብሰዋል። አንዱ ካናዳ ይላል፣ አንዷ ዱባይ። ሌላው ቴሌግራም ላይ ያየውን «ዎርኪንግ ሆሊደይ» ይጠቅሳል። ገንዘብ የሚያስበላው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እዚሁ ሰፈር፣ ገና ፓስፖርት ሳይወጣ ነው።

ዎርኪንግ ሆሊደይ ለእኛም ክፍት ነው ብሎ ማመን

ቪዛው እውነተኛ ነው። ወጣቶች ለአንድ ዓመት ያህል አገር እያዩ፣ ወጪያቸውን ደግሞ እየሠሩ እንዲሸፍኑ የሚሰጥ ነው። አውስትራሊያ በ1975 እ.ኤ.አ. ጀምራዋለች፤ ዕድሜው በአብዛኛው ከ18 እስከ 30 ነው። ነገር ግን የሚሰጠው ስምምነት ላላቸው አገሮች ዜጎች ብቻ ነው። ኢትዮጵያ በአውስትራሊያም በካናዳም ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ «በኢትዮጵያ ፓስፖርት አስወጣልሃለሁ» የሚል ሰው፣ ዋጋው ተወደደም ረከሰም፣ የሚሸጠው የሌለ ነገር ነው።

«ኧረ ፓስፖርት ላይ ተለጥፎ በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል አይጠፋም። አውስትራሊያ ቪዛ ፓስፖርት ላይ መለጠፍ ያቆመችው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ቪዛው ኤሌክትሮኒክ ነው፤ በመንግሥቷ ድረ ገጽ ላይ ይጣራል። የሚያብረቀርቅ ስቲከር ካሳዩአችሁ ቡናችሁን ጨርሳችሁ ተነሱ።

ኦፔርን እንደ ደመወዝ ሥራ ማየት

ለዎርኪንግ ሆሊደይ የሚቀርበውና ለእኛም በሩ ያልተዘጋው የጀርመን ኦፔር ነው። ጀርመን ቤተሰብ ጋር እየኖሩ ልጅ መጠበቅ፣ ቀለል ያለ የቤት ሥራ ማገዝ፣ ጎን ለጎን ቋንቋ መማር። ከ18 ዓመት ጀምሮ 27 ያልሞላቸውን ይመለከታል። ሥራው በሳምንት ከ30 ሰዓት አይበልጥም፤ ቆይታው ቢበዛ አንድ ዓመት ነው። ምግብ፣ ክፍልና ኢንሹራንስ በቤተሰቡ ነው። እጅ የሚገባው በወር 280 ዩሮ የኪስ ገንዘብ ነው።

ይህን 280 ዩሮ ስልክ ላይ በብር ሲያሰሉት ያጓጓል። ታዲያ ገና ሳይኬድ «እማዬ፣ በየወሩ እልክልሻለሁ» ይባላል። እዚያ ግን ባቡሩም፣ ቡናውም፣ የክረምት ጃኬቱም የሚከፈለው በዩሮ ነው። ቃል ካልገባችሁ ማንም አይቀየማችሁም።

«አክስቴ ፍራንክፈርት ናት፣ እሷ ትጠራኛለች» የሚለውም አይሠራም። በኦፔር ዘመድ ቤት አይኬድም። ዘመድ ባይሆንም ከኢትዮጵያ የሄደ ቤተሰብ፣ ቤቱ ውስጥ ጀርመንኛ ቢናገርም እንኳ፣ ከኢትዮጵያ ኦፔር ማምጣት አይችልም። ዓላማው ከባህሉና ከቋንቋው ጋር መተዋወቅ ነው፤ አክስት ቤት ደግሞ ሽሮና ቡና ነው የሚጠብቃችሁ።

ቋንቋውንም «እዚያው እለምደዋለሁ» ማለት አይቻልም። ኤ1 የሚባለው መነሻ ደረጃ ለቪዛው ይጠየቃል። ጎተ ኢንስቲትዩት ያለው ስድስት ኪሎ ነው። ከኮዬ ፈጬ እዚያ ተመላልሶ መማር፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍ፣ ቀልድ አይደለም። አቅሙም ጊዜውም ካልፈቀደ ሰፈር ውስጥ ከሚያስተምር ሰው ጋር አጥንቶ ፈተናውን ብቻ እዚያ ሄዶ መውሰድ ይቻላል።

በቪዚት ገብቶ ሥራ መፈለግ

ዱባይ በቪዚት ቪዛ መሥራት ሕገ ወጥ ነው። ደመወዝ ቢከለክሏችሁ አቤት የምትሉበት ውል አይኖራችሁም። ቪዛው ሲያልቅ ደግሞ ቅጣቱ በቀን 50 ድርሃም ይቆጥራል፤ ሥራ ተገኘም አልተገኘም።

አሠሪው የሚከፍለውን ለደላላ መክፈል

በኤጀንሲ ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ሰው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ን ማወቅ አለበት። በዚህ አዋጅ የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስም የአሠሪው ወጪ ናቸው። የሠራተኛው ወጪ እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ያሉት ናቸው። «ለቪዛና ለትኬት» ተብሎ ብር ስትጠየቁ ጠያቂው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ቢሮ የለውም። ደረሰኙ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው፣ ፊርማ እንጂ ማኅተም የለውም። ቴሌብሩም የግለሰብ ነው። የኤጀንሲውን ፈቃድ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጠይቁ።

ውሉን ሳያነቡ አለመፈረም፣ የፓስፖርትና የውሉን ፎቶ ደግሞ ቤት ላለ ሰው ልኮ መሄድ። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ገንዘቡን ሁሉ «ቦታ ግዛልኝ» ብሎ መላክ

ይሄ ከሄዱ በኋላ የሚመጣ ነው፣ እኛ ሰፈር ግን ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ልጅቷ ላቧን ጠብ አድርጋ ትልካለች። ወንድም በስሙ ከገበሬ ላይ ቦታ ይገዛል። እጁ ላይ ያለው ሦስት ምስክር የፈረመበት ውል ብቻ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ያ ውል ፍርድ ቤት ቀርቦ አይጸናም። ቤት ተሠርቶበት ቢፈርስም ካሳ የሚጠየቅበት ካርታ የለም።

መላክ ካለባችሁ የቤተሰቡን ቀለብና የራሳችሁን ቁጠባ ለዩ። ቁጠባው በራሳችሁ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ውክልና መስጠት ግድ ከሆነም «ሙሉ ውክልና» አትስጡ። ለምን ጉዳይ እንደሆነ በስም ተጠቅሶ ይጻፍ፤ ካልተስማማችሁ ባላችሁበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ሻሩት።