ልጁ ቶሎ ጎረመሰ ወይስ ዘገየ? ጤና ጣቢያ ላይ እንዴት እንደሚለይ

«ዶክተር፣ ይቺ ልጅ ገና ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጡቷ አጎጠጎጠ።» ጅማ በምሠራበት ጤና ጣቢያ እንዲህ ብላ የምትገባ እናት አትጠፋም። (ጤና መኮንን ነኝ። «ዶክተር» ሲሉኝ ማረም ከተውኩ ቆየሁ።) ሌላ ቀን ደግሞ «እኩዮቹ ጢም አወጡ፣ የኔው ልጅ እንደ ሕፃን ቀረ» የሚል አባት ይመጣል። ሁለቱንም በአንድ መንገድ ነው የማያቸው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን በቃል ያዙ

ጉርምስና ሴት ልጅ ላይ ከ8 እስከ 13 ዓመት፣ ወንድ ላይ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ከዚያ ከቀደመ ቀድሟል፣ ካለፈ ዘግይቷል። ሴት ላይ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የጡት ማጎጥጎጥ ነው። ወንድ ላይ የዘር ፍሬ መተለቅ ነው እንጂ ጢምና ድምፅ አይደለም፤ እነሱ ኋላ ነው የሚመጡት። የወር አበባ ጡት ካጎጠጎጠ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ይመጣል። 15 ዓመት ሞልቷት ካላየች ይመርመር።

ዕድሜውን አጣሩ

የትምህርት ቤት ዕድሜ አትመኑ፤ ለምዝገባ ተብሎ ከፍ ይላል። የክትባት ካርድ ካለ እሱን እዩ። ከሌለ በወቅት ጠይቁ። እዚህ አካባቢ «ቡና ሲለቀም ነው የወለድኳት» ካሉ ወራቱ ይጠባሉ። «በረመዳን» ካሉ ግን ዓመቱንም ጠይቁ፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ይቀድማል። የልደቱንና የዛሬውን ቀን በአንድ አቆጣጠር ጻፉ። የስልክ ማስያ በፈረንጅ ቀን ነው የሚያሰላው።

ቁመት፦ ሰው ሁሉ የሚንቀው ሥራ

ጫማ ይውለቅ። ተረከዝ፣ መቀመጫና ጀርባ ሰሌዳውን ይንኩ። ዓይን ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ይይ። ሁለት ጊዜ ለኩ፣ እስከ ሚሊሜትር ጻፉ። ሚዛን ላይ የተገጠመችውን ተመዛዥ ብረት አልወዳትም፤ ትወላገዳለች። ግድግዳ ላይ በደንብ የተሰመረ ሜትር ይሻላል።

ቀጥሎ ጸጉር። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሹሩባ ተሠርታ፣ ከላይ ተጠቅልሎላት መጣች። ወረፋው ብዙ ነበር፤ እላዩ ላይ ለካሁና 128.5 ሴንቲሜትር ብዬ ጻፍኩ። ከስድስት ወር በኋላ ጸጉሯ ተፈትቶ ስትመጣ 129 ሆነች። ግማሽ ሴንቲሜትር! «ዕድገቷ ቆሟል» ብዬ ሪፈር ጻፍኩ። እናትየዋ የቡና ለቀማ ቀኗን ትታ፣ ለትራንስፖርት ተበድራ ሄደች። የተቀበላት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቃት «ያኔ ጸጉሯ እንዴት ነበር?» ብሎ ነው። «የእህቴ ሰርግ ነበር፣ ተሠርታ ነው» አለችው። ልጅቷ ምንም አልሆነችም። ወረቀቱ ተመልሶ ሲመጣ አንገቴን ደፋሁ።

ይህን ያህል የምጨነቀው አንድ ቁመት ብቻውን ብዙ ስለማይናገር ነው። ስድስት ወር ጠብቃችሁ እንደገና ስትለኩ ግን ፍጥነቱ ይገኛል። ጉርምስና ያልጀመረ ልጅ በዓመት ከ4 እስከ 6 ሴንቲሜትር ያድጋል። በስድስት ወር 4 ሴንቲሜትር ከጨመረች በዓመት 8 ነው፤ ይህ የጉርምስና ፍጥነት ነው። የሰባት ዓመቷ ልጅ ጡት ኖሯት እንዲህ ከሮጠች ጉርምስናው እውነት ነው። ቁመቷ እንደ ወትሮው ከሄደ ግን ብዙ ጊዜ ጡቱ ብቻውን የመጣ ነው፣ በክትትል ይያዛል።

ምርመራው

ወላጅ ባለበት፣ በር ዘግታችሁ፣ ልጁን አስፈቅዳችሁ። ጡትን በዓይን ብቻ አትፍረዱ። አስተኝታችሁ በጣት ዳስሱ፦ ስብ ይለሰልሳል፣ ጡት ግን ከጫፉ ሥር እንደ ቁልፍ ጠጠር ያለ ነገር አለው። በአንድ ወገን ብቻ ቢጀምርም አትደንግጡ። ዕጢ መስሏችሁ እንዳታስቆርጡ፤ የተቆረጠው ጡት ነው፣ ተመልሶ አይበቅልም።

ለወንድ በክር የተሰኩ ዶቃ የሚመስሉት መለኪያዎች ጥሩ ናቸው፤ የሉንም። ማስመሪያ ይበቃል። የዘር ፍሬው ርዝመት 2.5 ሴንቲሜትር ከደረሰ ጉርምስና ጀምሯል። ትንሽ ልጅ ጸጉር አውጥቶ፣ ብልቱ አድጎ፣ ፍሬው ግን ትንሽ ከሆነ ሆርሞኑ ከሌላ ቦታ እየመጣ ነው፤ ከኩላሊት በላይ ያለውን ሆርሞን አመንጪ ዕጢ አስቡ።

ጎረምሳ ወንድ ጡቱ አበጠ ብሎ አፍሮ ከመጣ አጽናኑት። ብዙዎቹን ያጋጥማል፣ በአብዛኛው በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠፋል።

የዘገየ ከሆነ

አባትየውን «አንተስ መቼ ረዘምክ?» በሉት። «እኔም አሥረኛ ክፍል ነው የተመዘዝኩት» ካለ ግማሹ መልስ ተገኘ። ቢሆንም የደም ማነስን፣ የቆየ ተቅማጥን፣ የምግብ እጥረትን አትዝለሉ። ሴት ሆና አጭርም ከሆነች የክሮሞዞም ችግር ሊሆን ስለሚችል ላኳት። ልጁን ደግሞ «ቡና ሲቆላ ይሸትሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ቡና በሚቆላበት ቤት አድጎ ሽታውን የማያውቅ ከሆነ፣ ከሽታ ማጣት ጋር የሚመጣ የሆርሞን እጥረት አለና ይላክ።

ስድስት ወር የማይጠበቅለት

ራስ ምታት ከትውከት ወይም ከዕይታ መድከም ጋር፣ ከ9 ዓመት በፊት የጀመረ ወንድ፣ ትንሽ ልጅ ላይ የታየ የብልት ደም። የመጨረሻው ሁልጊዜ ጉርምስና አይደለም፤ ጉዳትና ጥቃትም ሊሆን ስለሚችል ልጅቷን ለብቻዋ በቀስታ አናግሯት።

ልጅ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል በምልክበት ጊዜ ሁለቱንም ቁመት ከነቀናቸው እጽፋለሁ። እዚያ የግራ እጅ አንጓ ራጅ ተነሥቶ የአጥንት ዕድሜ፣ ማለትም አጥንቱ የደረሰበት የዕድገት ደረጃ፣ ሊታይ ይችላል። ከሥር ደግሞ «ጸጉር ተፈትቶ የተለካ» ብዬ እጨምራለሁ። የሚቀበለው ሐኪም ይሳቅ።