በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፦ በተፈጥሮ መዋዕለ ሕፃናት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች የቅዝቃዜው ወራት ማብቂያ ግራ ያጋባል። ጠዋት መሬቱ ድንጋይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ይሆናል። ልጆች ደጅ ወጥተው በሚማሩበት በተፈጥሮ መዋዕለ ሕፃናት ብዙ መምህራን ይህን ጊዜ እንደምንም ማለፍ ይፈልጋሉ። ለእኔ ግን ልጆች ከዓመቱ ሁሉ አብልጠው የሚማሩበት ወቅት ነው፤ ነገሮች ዓይናቸው እያየ ይለወጣሉና።

ፀደይ እስኪመጣ መጠበቅ

«ትንሽ ይሙቅና እንወጣለን» ይባላል። ሲሞቅ ግን ብዙው ነገር አልፏል። ሜፕል የሚባለው የብርዳማ አገር ዛፍ ከግንዱ ጣፋጭ ፈሳሹን የሚሰጠው ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደግሞ ለዘብ ያለ ሲሆን ነው። ሌሊቱም መሞቅ ሲጀምር ወቅቱ ያበቃል። በዛፎች ግንድ ዙሪያ በረዶው ቀድሞ ሲቀልጥ የሚታየውም አሁን ነው፤ ጠቆር ያለው ቅርፊት የፀሐይን ሙቀት ስለሚስብ ነው። በጀርመን፣ ፍሌንስበርግ ከተማ ያለው የደን መዋዕለ ሕፃናት በ1993 እ.ኤ.አ. ይፋዊ ዕውቅና ካገኘ በኋላ ብዙ ተመሳሳይ ተቋማት ተከፍተዋል። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ደጅ ይውላሉ። የብዙዎቹ መጠለያ ትንሽ ጎጆ ብቻ ነው።

ልብስ መደራረብ ብቻ በቂ እንደሆነ ማሰብ

ምን እንደሚደረብ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥጥ ከረጠበ ሙቀት አይዝም፤ ሱፍ እርጥብ ሆኖም ያሞቃል። ጠባብ ቦት ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ ማጨቅ እግርን ይበልጥ ያቀዘቅዛል፤ ደም እንደልብ አይዘዋወርም፣ የሚሞቅ አየርም ቦታ አያገኝም። ለትንንሽ እጆች አራቱ ጣቶች አብረው የሚገቡበት ጓንት ይሻላል። ልጁ መብረዱን ወይም ማላቡን ለማወቅ ማጅራቱን ይንኩ። ቅያሪ ካልሲና ጓንት ሁልጊዜ ይኑር። ፀሐዩንም አይርሱ፤ አዲስ በረዶ ቆዳን የሚያቃጥለውን አልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ያንጸባርቃል።

የመልበሻውን ሰዓት እንደባከነ መቁጠር

ዚፕ መዝጋት፣ ግራና ቀኝን መለየት፣ ጓንቱን መጨረሻ ማድረግ ለአራት ዓመት ልጅ ትልቅ ሥራ ነው። መምህሯ ሁሉንም በየተራ ካለበሰች፣ መጀመሪያ የለበሰው ልጅ የመጨረሻው እስኪደርስ በላብ ይጠመቃል። ያ ላብ ውጭ ሲወጣ ብርድ ይሆንበታል። የአለባበሱን ቅደም ተከተል በሥዕል ግድግዳው ላይ ይለጥፉ፤ ጊዜ ይስጧቸው። የጨረሱት ከሌላ አዋቂ ጋር ቀድመው ይውጡ።

ደጁንና ክፍሉን መለያየት

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው። ጠዋት ጫካ ተሂዶ ይመጣል። ከዚያ ልጆቹ ክፍል ገብተው ጫካው ውስጥ ካዩት ጋር ምንም የማይገናኝ ወረቀት ላይ ቀለም ይቀባሉ። ጥያቄያቸውን በር ላይ ጥለው እንደገቡ ማለት ነው።

አንድ ብርጭቆ በረዶ ክፍል ይዘው ይግቡ። ሲቀልጥ ውሃው የት እንደሚደርስ ልጆቹ ገምተው መስመር ያስምሩ። ውሃው ከጠበቁት በጣም ዝቅ ይላል፤ በረዶ ውስጥ ብዙ አየር አለና። ከቻሉ ሁለት ብርጭቆ ያዘጋጁ፦ አንዱ ትናንት የጣለ ለስላሳ በረዶ፣ ሌላው ሳምንታት የቆየ፣ የተጠቀጠቀ በረዶ። አዲሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ውሃ ይሰጣል፤ አሮጌው ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ብርጭቆው ሥር የሚቀረው አሸዋና ቆሻሻም በአጉሊ መነጽር ይታይ።

የአኻያ ቅርንጫፍ ቆርጠው ውሃ ውስጥ ያስቀምጡ። እምቡጡ ክፍል ውስጥ ሲፈታ፣ ውጭ ያለው ዛፍ ገና እንደተዘጋ ነው። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ከልጆቹ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ ተመልሳችሁ ዛፉን እዩት፤ ሁለቱንም ይሣሉ። የጥንቸል ዱካ ካገኙ ርቀቱን በገመድ ለክተው ገመዱን ክፍል ውስጥ ይዘርጉ፤ ልጆቹ ይዝለሉበት። ጥንቸል ስትዘል ትልልቆቹ የኋላ እግሮቿ የፊተኞቹን አልፈው ከፊታቸው እንደሚያርፉ በገዛ ሰውነታቸው ይገባቸዋል።

መልሱን ቶሎ መናገር

ልጅ ዱካ ሲያሳይዎት «የቀበሮ ነው» ብለው አይዝጉበት። «ወዴት የሄደ ይመስልሃል?» ይበሉት። ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁ።

አደጋን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት

ጥልቀት የሌለው ውሃ የቋጠረበት ጉድጓድ ላይ ያለውን ስስ በረዶ በቦት ጫማ መስበር ይፈቀድ። ልጆች በጣም ይወዱታል፤ ይማሩበታልም። ኩሬና ወንዝ ላይ ግን በፍጹም አይውጡ። መቅለጥ የጀመረ በረዶ ውስጡ ስለሚላላ ወፍራም ሆኖም ሰው ላይሸከም ይችላል። ከጣሪያ ጠርዝ ሥርም አይቁሙ፤ የተንጠለጠለው በረዶ ቀን ላይ ይወድቃል።

መዥገር ባለበት አካባቢ፣ ሙቀቱ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ሲል መዥገሯ ትነቃለች። ሲመለሱ ከጆሮ ጀርባ፣ የፀጉር ሥርና ከጉልበት ኋላ ይፈትሹ።

መውጣት የማይቻልበትን ቀንም አስቀድመው በጽሑፍ ይወስኑ። ኃይለኛ ነፋስ ባለበት ቀን ዛፍ ሥር መዋል አይገባም። ነፋሱ ተጨምሮበት ብርዱ ወደ −28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከተጠጋ፣ የተጋለጠ ቆዳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ውሳኔው ወላጆች እጅ ቀድሞ ከደረሰ፣ ጠዋት በር ላይ ክርክር አይኖርም።