ሀርጌሳን በእርሳስ

የሶማሌ ደራስያን ስለ ከተማ የጻፉትን ልታነቡ ካሰባችሁ እርሳስና ያለፈ ዓመት ካላንደር ያዙ። የካላንደሩ ጀርባ ሰፊ ነው፣ ካርታ ይይዛል። እኔ አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ጥግ ይዤ የማነበው እንደዚያ ነው።

በናዲፋ መሐመድ ጀምሩ። መጽሐፉ «ዘ ኦርቻርድ ኦፍ ሎስት ሶልስ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የወጣው። እንግሊዝኛው ሲከብዳችሁ እለፉት። የቦታ ስም ሲመጣ ግን ቁሙና ካርታው ላይ አስፍሩት።

ታሪኩ ሰሜን ሶማሊያ፣ ሀርጌሳ ከተማ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1987 እና 1988። ሦስት ሴቶች አሉ። ለሦስቱም ለየብቻ ሳሉ። እኔ መጀመሪያ አንድ ላይ ስዬው ነበር። ንጹህ ካርታ ወጣልኝ፣ ሰው ግን የለበትም።

ዴቆ ስደተኞች ካምፕ የተወለደች ወላጅ አልባ ልጅ ናት። ስታዲየም ውስጥ ለበዓል ልትጨፍር የመጣችው ጫማ ታገኛለሽ ተብላ ነው። እስቲ አስቡት፣ የመጀመሪያ ጫማዋ! በእሷ ካርታ ላይ የሕንፃ ስም አትጻፉ። እግር የሚወጋው የቱ ጋ ነው? ማን አያባርርም? የት ይታደራል? እሱን ጻፉ።

ካውሰር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ውላለች። ለእሷ አንድ ክፍል ብቻ ሳሉና ከውጭ የሚገባውን ድምፅ በዙሪያው ጻፉ። ፊልሰን ከሞቃዲሾ የመጣች ወታደር ናት፤ የእሷ ካርታ ኬላ ነው።

በመጨረሻ ሦስቱም ላይ አየር ማረፊያውን ጨምሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 ከተማዋን የደበደቡት የሶማሊያ መንግሥት አውሮፕላኖች ይነሱ የነበረው ከዚያው ከሀርጌሳ ነው። ይህን ሳሰፍር እጄ ከብዶኝ ነበር።

ቀጥሎ ኑሩዲን ፋራህን አንብቡ፤ ልጅነቱን እኛው አገር፣ ካላፎ ያሳለፈ ደራሲ ነው። «ሊንክስ» ውስጥ አንድ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ከኒውዮርክ ሞቃዲሾ ይመለሳል። ከተማዋን የጦር አበጋዞች ለሁለት ተካፍለዋታል። እዚህ ሁለት ካርታ ያስፈልጋል፦ ትቷት የሄደውና ያገኛት።

እኔ ዶሮ ማነቂያ ነው ያደግኩት። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ሰፈራችንም አብሮ ሄደ። «ሊንክስ»ን የጨረስኩ ቀን ማታ የእኛንም ልስል ሞከርኩ። ዋናውን መንገድ ሳልኩ፣ ግቢያችንን ሳልኩ፣ ከዚያ ጠፋብኝ። እማዬን ጠራኋት። መነጽሯን አድርጋ ትንሽ አየችው።

«ቦኖውስ?» አለችና እርሳሱን ተቀበለችኝ።