«ዘ ናይት ኦፍ ዘ ሃንተር» የሚባለውን ፊልም እንዴት እንየው?

መጀመሪያ መብራት አጥፉ። በስልክ አትዩት። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ጉዳዩ ያለው ጥላው ውስጥ ነው፣ ትንሽ ስክሪን ላይ ደግሞ ሁሉም አንድ ጨለማ ይሆንባችኋል። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነውና ሳታቋርጡ ጨርሱት። ልጆች ይተኙ።

ደሞ የወንጀል ፊልም ነው ብላችሁ እንዳትጀምሩት። እኔ እንደዛ ጀምሬው «ኧረ ይሄ እንዴት ይሆናል!» እያልኩ ግማሽ ላይ ትቼው ነበር። «ተረት ተረት»፣ «የላም በረት» ብላችሁ ግቡ። ጅቡ ሰባኪ መስሎ የመጣበት ተረት ነው። ዘመኑ 1930ዎቹ፣ ቦታው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ወንዝ ዳር። አንድ አባት የዘረፈውን 10,000 ዶላር የልጁ አሻንጉሊት ውስጥ ደብቆ ይሰቀላል። ሰባኪ ነኝ ባዩ (ተዋናዩ ሮበርት ሚቻም ነው) ብሩን ፍለጋ እናትየውን ያገባል። ጣቶቹን እዩ፦ በቀኝ «ፍቅር»፣ በግራ «ጥላቻ» ተነቅሶባቸዋል።

ልጆቹ በረት ቆጥ ላይ የሚያድሩበት ጋ ስትደርሱ መልሳችሁ እዩት። ከአድማሱ ላይ አንድ ፈረሰኛ እየዘመረ ያልፋል፣ ትንሽዬ ጥላ። ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተቀረጸው። ሩቅ እንዲመስል ካሜራማኑ ስታንሊ ኮርቴዝ በሚቻም ፈንታ በጣም አጭር ሰው ድንክ ፈረስ ላይ አስቀመጠ። እኔ ይህን ካወቅኩ በኋላም ያስፈራኛል።

ወንዙ ላይ በጀልባ የሚሸሹበትን አንዴ በድምፅ፣ አንዴ ያለ ድምፅ ሞክሩት። ዳይሬክተሩ ቻርልስ ላውተን ከቀረጻው በፊት የጥንቱን አሜሪካዊ ዳይሬክተር የግሪፊዝን ድምፅ አልባ ፊልሞች እንደገና አይቷል፣ የነዚያኑ ፊልሞች ኮከብ ሊሊያን ጊሽንም አምጥቷል። ልጆቹን የምታስጠጋቸው አሮጊት እሷ ናት። ጠመንጃዋን ይዛ በጨለማ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ፣ ውጭ ሆኖ ሰባኪው መዝሙሩን ይጀምራል። እሷም ትቀበለዋለች! ልዩነቱን በደንብ ስሙ፤ የኢየሱስን ስም የምትጠራው እሷ ብቻ ናት። (ውሃው ሥር ስላለው መኪና አልነግራችሁም።)

ላውተን በትወና ኦስካር የበላ ሰው ነው፣ በ1933ቱ «የሄንሪ ስምንተኛ የግል ሕይወት»። ይሄኛው በ1955 ወጥቶ ከሰረ። በ1962 እስኪሞት ሌላ ፊልም አላዘጋጀም። ያናድዳል። በ1992 አሜሪካኖች በብሔራዊ የፊልም መዝገባቸው አስገቡት፣ ለሱ ምን ይጠቅመዋል?

ስትጨርሱ እንዳትዘጉት። ወደ መጀመሪያው ደቂቃ ተመለሱ። ከዋክብት መሀል አንዲት ሴት የበግ ለምድ ለብሰው ስለሚመጡ ሐሰተኛ ነቢያት ለልጆች ታነባለች። አሁን ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ።